ፎቶው ላይ የሌለችው አጥቂ

ኳስ የማትከታተሉ እንኳ ፎቶውን ሳታዩት አልቀራችሁም። ማሊያዋን አውልቃ በእጇ የጨበጠች፣ በጥቁር የስፖርት ጡት ማስያዣ ሣሩ ላይ የተንበረከከች፣ ክንዶቿን ወጥራ የምትጮህ ሴት። ብራንዲ ቻስቴይን ትባላለች። ቦታው ካሊፎርኒያ፣ ፓሳዴና ከተማ፣ ሮዝ ቦውል ስታዲየም ነው፤ ቀኑ ጁላይ 10 ቀን 1999 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው፤ ካሁኑ እንስማማ)። አሜሪካ ቻይናን በፍጹም ቅጣት ምት 5 ለ 4 ረትታ የሴቶችን ዓለም ዋንጫ የበላችበት ቅጽበት ነው። ስታዲየሙ ውስጥ 90,185 ሰው ነበር። ፎቶው የስፖርትስ ኢለስትሬትድ መጽሔት ሽፋን ሆነ፤ ዓለምን ዞረ።

ጋዜጠኝነት ስንማር ደጋግመን የሰማነው አንድ ነገር አለ፦ ፎቶ ስታዩ ውስጡ ያለውን ብቻ ሳይሆን ውጪ የቀረውንም ጠይቁ። እኛም ጠየቅን። የዚያን ቀን ጭፈራ ውስጥ ሚያ ሃም አለች። ክሪስቲን ሊሊ አለች። ጁሊ ፋውዲ አለች። ቁጥር 10 ግን የለችም።

ቁጥር 10 በዚያች ደቂቃ ስታዲየሙ ውስጥ ባለ የሕክምና ክፍል፣ አልጋ ላይ ተዘርግታ፣ ግሉኮስ ተሰክቶላት ነበር። ሚሼል ኤከርስ ትባላለች። እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ይህን ጽሑፍ ለመሥራት እስክንነሳ ድረስ እኛም ከዚያ ቡድን ከሚያ ሃም በቀር የአንዷንም አጥቂ ስም አጥርተን አናውቅም ነበር። ለዚህ ነው ታሪኩ ያናደደን። ፊፋ ራሱ ከቻይናዋ ሱን ዌን ጋር «የክፍለ ዘመኑ ምርጥ ሴት ተጫዋች» ብሎ የሸለማት ሴት እንዴት ከፎቶው ውጪ ቀረች?

እስቲ ከሥሩ እንጀምረው።

ኤከርስ በ1966 ካሊፎርኒያ ውስጥ ተወለደች፤ ያደገችው ግን ሲያትል አጠገብ ነው። የልጅነት ሕልሟ የእኛ ዓይነቱ ኳስ እንኳ አልነበረም። ፒትስበርግ ስቲለርስ ለሚባለው የአሜሪካን ፉትቦል ቡድን መጫወት ነበር የምትፈልገው። ሴት ልጅ እሱን አትጫወትም ተባለች። እግር ኳስ ተረፈላት። አሜሪካ ውስጥ ያኔ እግር ኳስ የወንዶቹ «ዋና» ስፖርት ስላልነበረ፣ ሴት ልጅ ብትገባበት የሚቆጣ ብዙ አልነበረም። ይህን ነገር ልብ በሉት። እንግሊዝ ሴቶችን ከማኅበሯ ሜዳዎች ከ1921 ጀምሮ ለ50 ዓመት ገደማ አግዳ ነበር። ምዕራብ ጀርመን ከ1955 እስከ 1970 ከለከለች። ብራዚል፣ ያቺ የኳስ አገር፣ ከ1941 እስከ 1979 በሕግ ከልክላለች። ኳስ እንደ ሃይማኖት በሚታይበት አገር ሴት ታገደች፤ ኳስ እንደ ትርፍ ነገር በሚታይበት አገር በሩ ገርበብ ብሎ ቀረ።

በሩን ወለል አድርጎ የከፈተው ደግሞ ሕግ ነው። በ1972 ፕሬዚዳንት ኒክሰን የፈረሙበት፣ «ታይትል ናይን» በሚል ቁጥሩ የሚታወቀው አንቀጽ፣ የፌዴራል ገንዘብ የሚያገኝ ትምህርት ቤት በጾታ ማዳላት እንደማይችል ደነገገ። አንቀጹ ውስጥ ስፖርት የሚል ቃል የለም። ግን ዩኒቨርሲቲዎቹ ለወንዶች ቡድን ካላቸው ለሴቶችም ሊኖራቸው ግድ ሆነ። ሕጉ ሲወጣ ኤከርስ ስድስት ዓመቷ ነበር። ዩኒቨርሲቲ በምትገባበት በ1980ዎቹ አጋማሽ ኦርላንዶ ያለው የሴንትራል ፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ የሴት ኳስ ቡድን ነበረው። እዚያ ተጫወተች፤ በ1988 ለዩኒቨርሲቲ ተጫዋቾች የሚሰጠውን የኸርማን ሽልማት ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች።

ብሔራዊ ቡድን ግን ሌላ ጉድ ነው። አሜሪካ የሴቶች ብሔራዊ ቡድን ያቋቋመችው በ1985 ነው፤ ያውም ጣሊያን ውስጥ ዬሶሎ በምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ ለሚደረግ ውድድር በችኮላ ተሰባስቦ። ማሊያው የወንዶች ነበር፤ ተጫዋቾቹ ከመሄዳቸው በፊት እየቆረጡና እየሰፉ በልካቸው አደረጉት። የቀን አበል 10 ዶላር። ደመወዝ የሚባል ነገር የለም። የመጀመሪያውን ጨዋታ በጣሊያን 1 ለ 0 ተሸነፉ፤ ኤከርስ ቁርጭምጭሚቷ ተጎድቶ አልገባችም። ኦገስት 21 ቀን 1985 ከዴንማርክ ጋር 2 ለ 2 ሲወጡ ግን ገባች፣ አገባችም። የአሜሪካ ሴቶች ብሔራዊ ቡድን በታሪኩ ያስቆጠረው የመጀመሪያው ጎል የእሷ ነው። ዛሬ ያ ቡድን በደረቱ ላይ አራት ኮከብ ይደረድራል፤ የጎሎቹ መዝገብ የሚጀምረው ግን በሰው ማሊያ ነው።

ምን ዓይነት አጥቂ ነበረች? ቁመቷ 1 ሜትር ከ78፣ ትከሻዋ ሰፊ፣ ጸጉሯ ጥቅጥቅ ያለ ጥቅል (ጓደኞቿ በ«ላየን ኪንግ» ፊልም አንበሳ ስም «ሙፋሳ» ይሏት ነበር)። በሁለቱም እግሯ ትመታለች፣ በቴስታ ትበልጣለች፣ ተከላካይ ሲገጫት የሚወድቀው ተከላካዩ ነው። እኛ ሰፈር ብትሆን ኖሮ «ይቺ ከወንዶቹ ጋር ትግባ» ይሏት ነበር፤ እንደ ሙገሳ መሆኑ ነው። ቀስ ብላ ኳስ የምታሽሞነሙን አልነበረችም። ጎሉን ታያለች፣ ትሄዳለች።

አሁን ወደ 1991 እንምጣ። ፊፋ የመጀመሪያውን የሴቶች ዓለም ዋንጫ ቻይና፣ ጓንግዶንግ ውስጥ አዘጋጀ። «አዘጋጀ» ስንል ግን በግማሽ ልቡ ነው። «ዓለም ዋንጫ» የሚለውን ስም ለሴቶች ለመስጠት ስለሳሳ፣ ውድድሩ የዓለም ሻምፒዮና ተባለና መጨረሻው ላይ የስፖንሰሩ ከረሜላ ስም ተለጠፈበት፦ የኤም ኤንድ ኤምስ ዋንጫ። ዓለም ዋንጫ የሚለውን ስም ያገኘው ኋላ ነው። ጨዋታውም 90 ደቂቃ ሳይሆን 80 ደቂቃ ነበር። አስር ደቂቃው ለምን ተቀነሰ? ሴቶቹ አይችሉም ተብሎ ተፈርቶ ነዋ።

ያልቻለው ሌላው ነው። አሰልጣኙ አንሰን ዶራንስ ሦስት አጥቂ ደርድሮ ገባ፦ ኤከርስ፣ ካሪን ጄኒንግስና አምበሏ ኤፕሪል ሃይንሪክስ። ሩብ ፍጻሜው ላይ ቻይኒዝ ታይፔን 7 ለ 0 ሲያሸንፉ አምስቱን ያገባችው ኤከርስ ናት። አምስት፣ በአንድ ጨዋታ፣ ያውም በ80 ደቂቃ!

ፍጻሜው ኖቬምበር 30 ቀን ጓንግዡ በሚገኘው ቲያንሄ ስታዲየም ከኖርዌይ ጋር ነበር። ከ60 ሺህ በላይ ሕዝብ ታድሟል። በ20ኛው ደቂቃ ኤከርስ ተሻምቶ የመጣውን ኳስ ከሁሉም በላይ ዘላ በቴስታ አገባች። ሊንዳ ሜዳለን ለኖርዌይ አቻ አደረገች። ከዚያ በኋላ ሰዓቱ እየነጎደ 78ኛው ደቂቃ ደረሰ። የኖርዌይ ተከላካይ ቲና ስቬንሰን ኳሱን ወደ በረኛዋ ልትመልስ ነካ አደረገችው፤ ኳሷ አነሰች። ኤከርስ መሀል ገባች፣ በረኛዋን አልፋ ባዶ ጎል ውስጥ አስቀመጠችው። 2 ለ 1። ያቺ ጎል ዘጠናኛው ደቂቃ ላይ እንደገባች ጎል ቁጠሯት፤ ጨዋታው ሊያልቅ የቀረው ሁለት ደቂቃ ነበር። በውድድሩ 10 ጎል፣ የኮከብ ጎል አግቢነት ጫማው የእሷ። የዓመቱን ሁሉ ብንደምር በ1991 ለብሔራዊ ቡድን 39 ጎል አስቆጥራለች። ከአንድ ዓመት በፊት የአሜሪካ ወንዶች ከ40 ዓመት በኋላ ዓለም ዋንጫ ገብተው ሦስቱንም ጨዋታ ተሸንፈው እንደተመለሱ ስታስታውሱ፣ ሴቶቹ ምን ይዘው አገራቸው እንደገቡ ይገባችኋል።

አገራቸው ግን አልገባትም። አውሮፕላን ማረፊያ የተቀበሏቸው ጥቂት ሰዎች ናቸው። ሰልፍ የለ፣ አበባ የለ። የዓለም ሻምፒዮኖች ሻንጣቸውን እየጎተቱ ወደየቤታቸው ሄዱ። ግማሾቹ ወደ ትምህርታቸው፣ ግማሾቹ ወደ ሥራቸው።

ኤከርስ ራሷን «ባለሙያ» አድርጋ የመኖር ሙከራ የጀመረችው በዚህ ጊዜ ነው። ሙያው በሌለበት ባለሙያ መሆን! አሜሪካ ውስጥ ደመወዝ የሚከፍል የሴቶች ሊግ አልነበረም። ስለዚህ ስዊድን ሄደች፤ ስቶክሆልም አጠገብ ላለው ለቲሬሶ ክለብ በ1990፣ በ1992 እና በ1994 ተጫወተች። ኡምብሮ ከተባለው የስፖርት ትጥቅ ኩባንያ ጋር ተፈራርማ ታኬታ ለማስተዋወቅ ገንዘብ የተከፈላት የመጀመሪያዋ ሴት ተጫዋች ሆነች። ክለብ ከአንድ አገር፣ ስፖንሰር ከሌላ፣ ብሔራዊ ቡድን ከሦስተኛ። ዛሬ ሴት ልጅ «ፕሮፌሽናል ተጫዋች ነኝ» ስትል ውል፣ ወኪል፣ ክለብ ማለቷ ነው። ያኔ ማለት እንደ ሸማኔ ድሩንም ማጉንም ራስሽ አምጪ ማለት ነበር።

ሰውነቷ ግን ከዳት። በ1993 ሳን አንቶኒዮ ውስጥ በተደረገ ውድድር ላይ ወደቀች። መጀመሪያ ድካም መሰላቸው። ቆይቶ ሐኪሞች ስም ሰጡት፦ ሥር የሰደደ የድካም ሕመም። ስሙ ቀልድ ይመስላል፤ «ማን ያልደከመው አለ?» ያስብላል። ሕመሙ ግን ቀልድ አያውቅም። በእንቅልፍ የማይለቅ ዝለት፣ ጭንቅላት የሚፈልጥ ማይግሬን፣ ትንሽ ከተንቀሳቀሱ በኋላ ለቀናት አልጋ ላይ መቅረት። አንዲት የዓለም ምርጥ አጥቂ ከቤቷ ወጥታ መመለስ ተራራ ሆነባት። ጨዋታ በተጫወተች ቁጥር ግሉኮስ ይሰቀልላት ጀመር። ጉልበቷ በተደጋጋሚ ቀዶ ሕክምና ተነካክቷል፤ ቁጥሩ ከአስር በላይ ነው።

በ1995ቱ የስዊድን ዓለም ዋንጫ የመጀመሪያ ጨዋታ ገና በጅማሬው ከቻይና ተጫዋች ጋር ተጋጭታ ወጣች። ተመልሳ የገባችው በግማሽ ፍጻሜው ነው፤ ኖርዌይ 1 ለ 0 አሸንፋ የ1991ን ቂሟን ተወጣች።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘለል ምዕራፍ አለ። በ1995 መጨረሻ ለአትላንታ ኦሊምፒክ ዝግጅት ሲጀመር የአሜሪካ እግር ኳስ ፌዴሬሽን ጉርሻ የምከፍለው ወርቅ ካመጣችሁ ብቻ ነው አለ። ዘጠኝ ተጫዋቾች አንፈርምም አሉ፤ ከዝግጅት ካምፑ ውጪ ተደረጉ። ኤከርስ ከዘጠኙ አንዷ ናት። አስቡት፦ በሽተኛ ናት፣ ዕድሜዋ 30 ሊሞላ ነው፣ የቀራት ጊዜ ጥቂት ነው፣ ኦሊምፒክ ደግሞ የሴቶችን ኳስ ሲያስገባ ይህ የመጀመሪያው ነው። ፈርማ ብትገባ ማን ይፈርድባታል? አልፈረመችም። ፌዴሬሽኑ በመጨረሻ ለብርም እከፍላለሁ ብሎ ተስማማ። በ2022 የአሜሪካ ሴቶች ቡድን በ24 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ከወንዶች እኩል ክፍያ ሲያስከብር ጋዜጦቹ ስለ ሜጋን ራፒኖና አሌክስ ሞርጋን ጻፉ፤ ትክክል ነው፣ የከሰሱት እነሱ ናቸው። ክሩ ግን የሚጀምረው ከእነዚያ ዘጠኝ ሴቶች ነው።

አትላንታ ላይ ግማሽ ፍጻሜውን ኖርዌይ 1 ለ 0 እየመራች ሳለ ፍጹም ቅጣት ምት ተገኘ። ኤከርስ መታች፣ አቻ። በጭማሪው ሰዓት ሻነን ማክሚላን አገባችና አለቀ። በፍጻሜው ቻይናን 2 ለ 1 አሸነፉ፤ ጨዋታውን 76,481 ሰው በስታዲየም ተገኝቶ አየ። ቴሌቪዥን ግን ሙሉውን በቀጥታ አላሳየም። ወርቅ ሲመጣ ካሜራው ሌላ ቦታ ነበር።

እንግዲህ ወደዚያች የ1999 ሐምሌ ቀን ተመልሰናል። ኤከርስ 33 ዓመቷ ነው። አጥቂ መሆን ቀርቷል፤ አሰልጣኝ ቶኒ ዲቺኮ ጉልበቷን እንድትቆጥብ ብሎ ወደ ኋላ አውርዶ ከተከላካዮች ፊት አቁሟታል። (ጉልበቷን እንድትቆጥብ! እንደ እሷ ላለ ሰው መሀል ሜዳ ማለት ተጨማሪ ግጭት ማለት መሆኑን የተረዳ አልነበረም መሰል።) ከስድስት ቀን በፊት በግማሽ ፍጻሜው ብራዚል ላይ በፍጹም ቅጣት ምት አግብታለች። ፍጻሜው ቀትር ላይ ነው፤ ፀሐይዋ ታቃጥላለች። ሙሉ 90 ደቂቃ ኤከርስ ወደ ጎላቸው የሚመጣውን የአየር ኳስ በቴስታ ትመልሳለች፣ ትገጫለች፣ ትነሳለች።

90ኛው ደቂቃ ላይ ቻይና ማዕዘን ምት አገኘች። በረኛዋ ብሪያና ስከሪ ኳሱን በቡጢ ልትመታ ወጣች፤ ኤከርስ በቴስታ ልታወጣ ዘለለች። ቡጢው ያረፈው ኤከርስ ጭንቅላት ላይ ነው። ወደቀች። በሙቀቱና በሕመሙ ላይ የራሷ በረኛ ቡጢ ተጨምሮ ድጋፍ ይዛ ከሜዳ ወጣች፤ አልተመለሰችም። በእሷ ቦታ ሳራ ዌለን ገባች።

ጭማሪው ሰዓት ላይ ሕጉ «ወርቃማ ጎል» ነበር፦ የገባባት አለቀላት። የቻይናዋ ፋን ዩንጂዬ በማዕዘን ምት በቴስታ የገጨችውን ኳስ ክሪስቲን ሊሊ ከጎል መስመር ላይ ባታወጣው ኖሮ ዛሬ የምናወራው ስለ ሌላ ፎቶ ነበር። ከዚያ ፍጹም ቅጣት ምት፣ የሊዩ ዪንግን ምት ስከሪ አዳነች፣ ቻስቴይን በግራ እግሯ አስቆጠረች፣ ማሊያዋን አወለቀች። ሕክምና ክፍሉ ውስጥ ኤከርስ ግሉኮስ ላይ ናት። ኋላ መርፌው ተነቅሎላት ወደ ሜዳ ስትወጣ ሕዝቡ ስሟን እየጠራ ጮኸ። ፎቶው ግን አስቀድሞ ተነስቷል።

ቀጣዩን ቶሎ እንለፈው፤ እሷም ቶሎ ነው ያለፈችበት። ለ2000 ሲድኒ ኦሊምፒክ ተመርጣ ነበር። ትከሻዋ አልፈወስ አላት፤ ውድድሩ ሊጀመር ሳምንታት ሲቀሩት በኦገስት 2000 ጫማዋን ሰቀለች። ለአገሯ ከ150 በላይ ጨዋታ፣ ከ100 በላይ ጎል። ከስምንት ወር በኋላ፣ በኤፕሪል 2001፣ ዓለም አይቶት የማያውቀው ሙሉ ደመወዝተኛ የሴቶች ሊግ ዋሽንግተን ውስጥ በአር ኤፍ ኬ ስታዲየም ከ34 ሺህ በላይ ተመልካች ፊት ተከፈተ። በአንድ በኩል ሚያ ሃም፣ በሌላ በኩል ብራንዲ ቻስቴይን። ሠርጉን ስትደግስ የከረመችው ሴት ድንኳኑ ውስጥ አልነበረችም። ሊጉም ዕድሜ አላገኘም፤ በ2003 በገንዘብ እጦት ተዘጋ። ሌሎች ሊጎች ተከትለው መጡ፣ አንዱም ተዘጋ፣ ሌላው ጸና። በ2024 እዚያው ዋሽንግተን ውስጥ ለተቋቋመ ዲሲ ፓወር ለተባለ አዲስ ክለብ የእኛዋ ሎዛ አበራ ፈረመች፤ እሷም አጥቂ ናት።

በ2004 ፔሌ በሕይወት ያሉ ምርጥ ተጫዋቾችን ስም ዝርዝር ለፊፋ ሲያወጣ ከመቶ በላይ ከሆኑት መካከል ሴቶች ሁለት ብቻ ነበሩ፦ ሚያ ሃምና ሚሼል ኤከርስ። እሷ በዚያን ጊዜ የተጣሉና የተጎዱ ፈረሶችን እየሰበሰበች ወደ መንከባከብ አዘንብላ ነበር።

በ2019 ደግሞ ስሟ ከቻስቴይን ጋር እንደገና አንድ ላይ ተነሳ። ቦስተን ዩኒቨርሲቲ ኳስ ያቆሙ ሴት ተጫዋቾችን አንጎል ለሚመረምር ጥናት ፈቃደኞች ሲፈልግ ሁለቱም ገቡበት። ጥያቄው፣ ዕድሜ ልክ በቴስታ መጫወት ጭንቅላት ላይ ምን ይተዋል የሚል ነው። ባለ ፎቶዋና ፎቶው ላይ የሌለችው አንድ መዝገብ ላይ ስማቸውን አሰፈሩ። ጓንግዡ ላይ የተቆጠረችው የመጀመሪያዋ የፍጻሜ ጎል፣ መቼም አትረሷትም፣ በቴስታ ነበረች።